ሃምሳ አንደኛው ግንኙነት፦ የማውጫ ሰርቨሮች ጣሪያና የእጅ ስልክ ኢሜይል ታሪክ

በፋኩልቲው የሕዝብ ንግግር መርሐ ግብር የቀረበ፤ ከድምፅ ቅጂ ተገልብጦ በተናጋሪው የታረመ።



ዛሬ የምተርክላችሁ የአንድ ቁጥር ታሪክ ነው። ቁጥሩ 50 ነው። በአዋጅ አልወጣም፣ በጋዜጣ አልታተመም፣ ያወጣው ሰው ፊርማም የለበትም። ሆኖም ከ2008 ጀምሮ ለጥቂት ዓመታት፣ በብዙ መሥሪያ ቤቶች በኪስ በሚያዝ ስልክ ላይ ደብዳቤ ይድረስ ወይም አይድረስ የሚለውን ይወስን የነበረው እሱ ነው። ዓመታቱን ሁሉ የምጠራው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው፤ የምጠቅሳቸው ሰነዶች የተጻፉት በዚያ ስለሆነ ሁለቱን ማደባለቅ አልፈለግሁም።

ርእሱ ከታሪክ ይልቅ የኮምፒውተር ጥገና ጉዳይ ይመስላል የሚል አስተያየት ከአንዳንድ ባልደረቦቼ ሰምቻለሁ። አልፈርድባቸውም። ከሶፍትዌር ጋር ተዘጋጅቶ የሚመጣ የቅንብር ቁጥር፣ ባለሙያ ካልነካው በቀር ማንም ሰው የማያየው ነገር ነው። እኔ ግን እንዲህ ያለውን ቁጥር እንደ ሰነድ አነበዋለሁ። አንድ መሐንዲስ ለአንድ ተጠቃሚ 50 ግንኙነት ይበቃል ብሎ ሲወስን፣ ተጠቃሚ ማለት ማን እንደሆነ፣ አንድ ሰው በአንድ ጊዜ ስንት በር ሊያንኳኳ እንደሚችል፣ ከዚያ በላይ የሚያንኳኳው ምን ዓይነት ፍጡር እንደሆነ አስቀድሞ ፈርዷል። ንግግሬ ስለዚያ ፍርድ ነው፤ እንዴት እንደተሰጠ፣ ምን እንዳፈረሰው፣ በምንስ እንደተተካ።

ከመሠረቱ ልጀምር። የስልክ ማውጫ ሁላችንም እናውቃለን፤ የማውጫ ሰርቨር የእሱ ልጅ ነው። በውስጡ የሠራተኛው ስም፣ የሥራ ክፍሉ፣ የኢሜይል አድራሻው፣ የይለፍ ቃሉ ምስጢራዊ አሻራ፣ የየትኞቹ ቡድኖች አባል እንደሆነ ተመዝግቧል። ጠባዩ ከሌላ የመረጃ ቋት ይለያል፤ የሚጻፍበት ጥቂት ጊዜ ነው፣ የሚነበበው ግን ቀኑን ሙሉ። ጠያቂ ፕሮግራም ሁሉ መጀመሪያ ግንኙነት ይከፍታል፣ ማንነቱን ያስታውቃል፣ ይጠይቃል፣ መልሱን ይቀበላል፣ ከዚያም ግንኙነቱን ይዘጋል፤ ወይም መዝጋት ይገባው ነበር። ክፍት ሆኖ የሚቀር እያንዳንዱ ግንኙነት፣ አንዲት ጥያቄ ባይጠየቅበት እንኳ፣ ከሰርቨሩ ማኅደረ ትውስታ ድርሻውን ይዞ ይቀመጣል። ቡናውን ጨርሶ ከወንበሩ የማይነሣ ደንበኛ ማለት ነው።

ለስንት ሰው ስንት በር ይበቃል የሚለው ጥያቄ ከኮምፒውተር ይቀድማል። የዴንማርኩ የሒሳብ ሊቅ አግነር ክራሩፕ ኤርላንግ፣ በኮፐንሃገን የስልክ ኩባንያ ሲሠራ በ1909 ባሳተመው ጥናት፣ የስልክ ጥሪዎች በዘፈቀደ እንደሚመጡና አንዱ ከሌላው ነጻ እንደሆነ ተደርገው ሊሰሉ እንደሚችሉ አሳየ፤ በ1917 ባሳተመው ሌላ ሥራም ለተወሰነ ያህል ጥሪ ስንት መስመር እንደሚበቃ የሚያሰላ ቀመር ሰጠ። የስሌቱ ምስጢር፣ ሰዎች ሁሉ በአንድ ጊዜ አይደውሉም፣ የደወለም ተናግሮ ሲጨርስ ይዘጋል የሚለው ነው። ይህን አሳብ ያዙልኝ፤ ኋላ የሚፈርሰው እሱ ነውና።

የኮምፒውተር ማውጫ ዓለም አቀፍ ደረጃ የወጣለት በ1988 ነው፤ ስሙም ኤክስ 500። ሰፊና ምሉእ ነበር፣ ግን ከባድ፤ የዘመኑ የጠረጴዛ ኮምፒውተሮች ሊሸከሙት አይችሉም ነበር። የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲው ቲም ሃውስ ከዌንግዪክ ዮንግና ከስቲቭ ኪል ጋር ሆኖ፣ ያን ግዙፍ ማውጫ በትንሽ ጉልበት መጠየቅ የሚያስችል ፕሮቶኮል ነደፈ። ጁላይ 1993 አርኤፍሲ 1487 ተብሎ ታተመ፤ ዛሬ ኤልዳፕ የምንለው የዚያ ዘር ነው። በዚህ ሰነድ ላይ አንድ ነገር ልጠቁማችሁ። ፈላጊው ጥያቄውን ሲያቀርብ የመጠንና የጊዜ ገደቡን ራሱ ይጽፋል፤ ከዚህ በላይ መልስ አትስጠኝ፣ ከዚህ በላይ ጊዜህን አታጥፋብኝ እንደማለት። ልከኝነት ከጠያቂው ይጠበቅ ነበር። ዲሴምበር 1997 የወጣው ሦስተኛው እትም፣ አርኤፍሲ 2251፣ ሰርቨሩ ከሚሰጣቸው የስህተት መልሶች ዝርዝር ውስጥ ቁጥር 11ን አዲስ ጨመረ፤ ትርጉሙም አስተዳዳሪው የደነገገው ገደብ ታልፏል ማለት ነው። ሰርቨሮች ከዚያ በፊትም መከልከል ይችሉ ነበር፤ አዲሱ ነገር የባለቤቱ ደንብ በፕሮቶኮሉ ቋንቋ የራሱን ስም ማግኘቱ ነው። በአራት ዓመት ውስጥ ይሉኝታ ለደንብ ቦታ ለቀቀ።

ማይክሮሶፍት በ1996 ያወጣው ኤክስቼንጅ የተባለው የኢሜይል ሰርቨር የራሱ የግል ማውጫ ነበረው። በ2000 አክቲቭ ዳይሬክተሪ ከዊንዶውስ 2000 ጋር ሲመጣ፣ የዚያው ዓመት ኤክስቼንጅ የግል ማውጫውን ትቶ በእሱ ላይ ተደገፈ። ውጤቱ ቀላል አልነበረም። ሠራተኛው ጠዋት ኮምፒውተሩን ሲከፍት ማንነቱን የሚያረጋግጠው ሰርቨርና፣ ደብዳቤ ሲጽፍ የባልደረባውን አድራሻ የሚፈልግለት ሰርቨር አንድ ሆኑ። ቁልፍ ያዡና አድራሻ ነጋሪው አንድ ሰው ሆነ ማለት ነው፤ አድራሻ በሚጠይቁ ሰዎች ከተጨናነቀ በር የሚከፍት የለም።

ስለዚህ ጣሪያዎች ነበሩት። አንድ ሰርቨር በኤልዳፕ በኩል በአንድ ጊዜ የሚቀበለው 5000 ግንኙነት ነው፤ ለ15 ደቂቃ ሥራ ፈትቶ የቆየ ግንኙነት ይዘጋል፤ አንድ ፍለጋ በአንድ ገጽ ከ1000 መዝገብ በላይ አይመልስም፣ ከ120 ሰከንድም አያልፍም። ልብ በሉ፤ እነዚህ ሁሉ ስለ ሰርቨሩ አቅም ይናገራሉ እንጂ ስለ ጠያቂው ማንነት ምንም አይሉም። 5000ው ከአንድ ሰው ይምጣ ከ5000 ሰው፣ ደንቡ አይጠይቅም። ደግሞም የአድራሻ መዝገቡ በር ኤልዳፕ ብቻ አልነበረም። አውትሉክና ማፒ የተባለውን የማይክሮሶፍት ስልት የሚጠቀሙ ሌሎች ፕሮግራሞች ኤንኤስፒአይ በተባለ ሌላ በር ይገቡ ነበር። በዚህኛው በር ላይ እስከ 2008 ድረስ ለአንድ ተጠቃሚ የተወሰነ ጣሪያ አልነበረም።

አሁን ወደ ካናዳ እንሻገር። ዋተርሉ በምትባለው የኦንታሪዮ ከተማ ማይክ ላዛሪዲስና ዳግላስ ፍሬጊን በ1984 ሪሰርች ኢን ሞሽን የተባለ ኩባንያ መሠረቱ። ኩባንያው በ1999 ብላክቤሪ የሚለውን ስም ለገበያ አወጣ። አዲስ አበባም የተንቀሳቃሽ ስልክ አገልግሎት ያገኘችው በዚያው በ1999 ነበር፤ ለእኛ ስልኩ ራሱ ገና ብርቅ በነበረበት ዓመት ሌላው ዓለም ደብዳቤውን በኪሱ ማዞር ጀምሮ ነበር።

ከብላክቤሪ በፊት ከቢሮው ርቆ ኢሜይል ማንበብ የፈለገ ሰው፣ ራሱ በስልክ መስመር እየገባ የመጣ ደብዳቤ አለ ወይ ብሎ ይጠይቅ ነበር። ብላክቤሪ ነገሩን ገለበጠው፤ ደብዳቤው ሰውየውን ይፈልገው ጀመር። ይህን ለማድረግ በመሥሪያ ቤቱ ኔትወርክ ውስጥ፣ ከፋየርዎሉ ጀርባ፣ ብላክቤሪ ኢንተርፕራይዝ ሰርቨር የሚባል ማሽን ይተከላል። ማሽኑ የሠራተኞቹን የፖስታ ሳጥኖች ቀን ከሌት ይጠብቃል፤ አዲስ ደብዳቤ ሲገባ ጨምቆና አመሥጥሮ፣ በ3101 ቁጥር በር ወደ ውጭ በከፈተው አንድ መስመር ወደ ኩባንያው ማዕከል ይልከዋል፤ ከማዕከሉ በስልክ ኔትወርክ በኩል ወደ ኪስ ይገባል። የፋየርዎል ጠባቂዎች ወደዱት፤ ከውጭ ወደ ውስጥ የሚከፈት በር አልጠየቀምና። ከሴፕቴምበር 11 ቀን 2001 ጥቃት በኋላ የአሜሪካ የተወካዮች ምክር ቤት ለአባላቱ ሁሉ መሣሪያውን ማደሉ ለዝናው ትልቅ እርሾ ሆነ።

ዋናው ጥያቄ ግን ይህ ነው፦ የአምስት መቶ ሰው ሳጥን የሚጠብቅ ማሽን በማን ስም ይገባል? የእያንዳንዱን ሰው የይለፍ ቃል ይዞ አይሆንም፤ ቢይዝም ቃሉ በየጊዜው ይለወጣል። መፍትሔው አንድ መለያ ነበር፤ በመትከያ መመሪያዎቹ ላይ ቤስአድሚን እየተባለ የሚጠራ። የሁሉንም ሳጥን እንዲያነብ፣ በሁሉም ስም እንዲልክ ሥልጣን ተሰጠው። እኛ ለዚህ ጥሩ ቃል አለን፤ እንደራሴ። ቃሉ ሲፈታ እንደ ራሴ ነው፤ እኔን ሆኖ የሚሠራልኝ። በንጉሥ ስም የሚያስተዳድረው እንደራሴ ነበር፤ ለምክር ቤት የተመረጠ የሕዝብ እንደራሴም አንድ ወንበር ላይ ተቀምጦ የብዙ ሺህ ሰው ድምፅ ይዟል። ወንበሩን የሚቆጥር ሰው አንድ ይላል፤ ከወንበሩ በስተጀርባ ያለውን የሚቆጥር ሌላ ቁጥር ያገኛል።

ሶፍትዌሩ እንደራሴ የሚለውን ቃል አያውቅም ነበር። የሚያውቀው ተጠቃሚን ብቻ ነው፤ ሰውም ይሁን ማሽን፣ መለያ ያለው ሁሉ ተጠቃሚ ነው። በነገራችን ላይ የእኛ ቃል እዚህ ላይ ሳያስበው ይቀልዳል። ተጠቃሚ ማለት ጥቅም የሚያገኝ ማለት ነው፤ ያ መለያ ግን በመሥሪያ ቤቱ ውስጥ ካነበበው ደብዳቤ አንዳች ጥቅም የማያገኝ ብቸኛው ተጠቃሚ ነበር።

የመጀመሪያው ግጭት የመጣው በሥልጣን ጉዳይ ነው። ለኤክስቼንጅ 2003 ከወጡት ማሻሻያዎች አንዱ፣ የሰውን ሳጥን ሙሉ በሙሉ የመክፈት ፈቃድ በዚያ ሰው ስም መላክን አይጨምርም ብሎ ሁለቱን ለያቸው። አሳቡ ትክክል ነበር፤ ደብዳቤዬን የምታነብልኝ ጸሐፊ በእኔ ፊርማ ትጻፍ ማለት አይደለምና። ነገር ግን ማሻሻያው በተጫነበት ቦታ ብላክቤሪ የያዘ ሰው ደብዳቤ ይደርሰዋል፣ መመለስ ግን አይችልም። በስሙ መላክ የሚለውን ፈቃድ ለእንደራሴው በግልጽ መስጠት አስፈለገ። ይህ ግጭት ቢያንስ ምን እንደተከለከለ ይናገር ነበር። ሁለተኛው እንደዚያ አልነበረም።

ፌብሩዋሪ 2008 ዊንዶውስ ሰርቨር 2008 ወጣ። በኤንኤስፒአይ በር ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ጣሪያ ተደረገ፤ አንድ ተጠቃሚ በአንድ ሰርቨር ላይ በአንድ ጊዜ ከ50 ግንኙነት በላይ መክፈት አይችልም። ምክንያቱን ማይክሮሶፍት በድጋፍ ጽሑፉ ገልጾታል፤ ግንኙነት እየከፈቱ የማይዘጉ ፕሮግራሞች ሰርቨሩን እንዳያደክሙት ለመከላከል ነው። መሐንዲሶቹን አልወቅስም። አውትሉክን በጠረጴዛው ላይ የሚጠቀም ሰው ጥቂት ግንኙነት ይበቃዋል፤ 50 ከበቂም በላይ ነው። በዚያ ዓለም ውስጥ 51ኛውን የሚጠይቅ ወይ የተበላሸ ፕሮግራም ነው ወይ ክፉ አሳብ ያለው። ሌላ ዓይነት ጠያቂ አልታሰበም። ኤርላንግን አስታውሱልኝ፤ የእሱ ስሌት ጠያቂዎች ብዙ፣ እርስ በርስ ነጻ፣ ሲጨርሱም የሚዘጉ ናቸው ብሎ ይነሣል። እንደራሴው ግን አንድ ስም ይዞ የአምስት መቶ ሰው ጉዳይ በአንድ ጊዜ ያቀርባል፤ ሥራው መጠበቅ ስለሆነም ጨርሶ አይዘጋም።

እዚህ ላይ የራሴን ምስክርነት ልጨምር። መምህር ከመሆኔ በፊት በሰሜን አሜሪካ በአንድ መሥሪያ ቤት የሰርቨር አስተዳዳሪ ነበርሁ። ሦስት የ2003 ማውጫ ሰርቨሮች ነበሩን፤ አንድ በአንድ በ2008 እንተካቸው ጀመር። የመጀመሪያው ሲተካ ምንም አልተሰማም። ሁለተኛው ሲተካ አንዳንድ ስልኮች ዝም አሉ፤ ማሽኑን ስናስነሣው ይመለሳሉ፣ ከሰዓት በኋላ ሌሎች ዝም ይላሉ። ሦስተኛው ሲተካ ዕጣ የማውጣት ያህል ሆነ፤ ማሽኑ ከተነሣ በኋላ ቀድመው የገቡት ይደርሳቸዋል፣ የዘገዩት ይቀርባቸዋል። ለምን አንዱ ጋ አለቃው ሲደርሰው ጸሐፊው እንደሚቀር፣ ሌላው ጋ ደግሞ እንዴት እንደሚገለበጥ ማንም ሊነግረኝ አልቻለም።

በእነዚያ ሳምንታት አንዲት የሥራ ባልደረባችን አባቷን ልታስታምም በሌላ ከተማ ነበረች፤ ሥራዋን የምትከታተለው በስልኳ ብቻ ነው። ለሁለት ቀን ስልኳ ዝም አለ። እሷ ደብዳቤ አልመጣም ብላ አሰበች፤ ቢሮው ደግሞ መልስ አልሰጠችም ብሎ አሰበ፣ ለወራት የለፋችበትንም ጉዳይ ለሌላ ሰው ሰጠባት። ስትመለስ ወደ እኔ ክፍል መጥታ ስልኩን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠችው። አልተቆጣችም፤ የመጨረሻው ደብዳቤ የደረሰበትን ሰዓት ብቻ አሳየችኝ።

ጥፋቱ የእኔ ነበር፤ በተሳሳተ በር ላይ ነበርና የቆምሁት። ግንኙነት ጎደለ ሲባል በኤልዳፕ ደንቦች ውስጥ 5000 የሚለውን አግኝቼ ኤንቲዲኤስዩቲል በተባለው መሣሪያ ወደ 10000 ከፍ አደረግሁት። በማግስቱ ምንም አልተለወጠም። ሊለወጥም አይችልም ነበር፤ ማሽኑ የአድራሻ መዝገቡን በኤንኤስፒአይ በር ይጠይቅ ነበር እንጂ በኤልዳፕ አልነበረም፤ ያኛው በር የ5000ውን ደንብ አያውቀውም። በመጨረሻ የማውጫውን የክስተት መዝገብ ከመስመር እስከ መስመር አነበብሁት። አንድ ተጠቃሚ ጣሪያውን ደርሷል የሚል ማስጠንቀቂያ ነበረበት፣ የተጠቃሚው ስምም አብሮ። ስሙን አወቅሁት። መለያውን የፈጠርሁት እኔው ነበርሁ።

ማስተካከያው አጭር ነው። በእያንዳንዱ የማውጫ ሰርቨር ሬጅስትሪ ውስጥ ኤንኤስፒአይ ማክስ ሴሽንስ ፐር ዩዘር የሚባል መዝገብ መፍጠር፣ ከ50 የሚበልጥ ቁጥር መጻፍ፣ አገልግሎቱን እንደገና ማስነሣት። ብዙዎቻችን የጻፍነው ቦታው ሊይዝ የሚችለውን ትልቁን ቁጥር ነበር፤ 4,294,967,295። ከሰዓት በፊት ስልኮቹ ሁሉ ተነሡ፤ የሁለት ሳምንት ድካም በዚያች አንዲት መስመር አለቀ።

ታሪክ ጸሐፊ ሆኜ ስመለከተው ግን፣ ያን ጠዋት ያደረግሁት ነገር አንድ እንደራሴን ማስገባት ብቻ አልነበረም። ያ መዝገብ የተጠቃሚ ስም የሚጻፍበት ቦታ የለውም። ለአንዱ የተነሣው ጣሪያ ለሁሉም ተነሣ፤ ለተበላሸው ፕሮግራምም፣ ለክፉ አሳቢውም። ማይክሮሶፍት የሠራውን መከላከያ፣ ለአንድ ሕጋዊ እንግዳ ስል፣ ግድግዳውን ጭምር አፈረስሁት። እኔ ብቻም አልነበርሁ፤ የብላክቤሪ መትከያ መመሪያዎች ይህንኑ ያዝዙ ነበር። ሁለት ኩባንያዎች፣ ሁለት ሰነዶች፤ አንዱ ጣሪያውን ያስቀምጣል፣ ሌላው አንሣ ይላል። ሁለቱንም በአንድ ቀን ያነበበው በመሐል የቆመው አስተዳዳሪ ብቻ ነው። ለዚህ ዘመን ታሪክ ምንጭ የሚፈልግ ተማሪ ካለ፣ ከኩባንያዎች የማስታወቂያ ጽሑፍ ይልቅ እንዲህ ያሉትን የመትከያ መመሪያዎች እንዲያነብ እመክረዋለሁ። ሁለት ሥርዓቶች የት ላይ እንዳልተስማሙ የሚገኘው ከመትከልዎ በፊት ይህን ያድርጉ በሚለው ምዕራፍ ነው።

ኖቬምበር 2009 ኤክስቼንጅ 2010 ሲመጣ ነገሩ መልኩን ለወጠ። የአድራሻ መዝገቡ አገልግሎት ከማውጫ ሰርቨሩ ፊት ወደሚቆም የኤክስቼንጅ ሰርቨር ተዛወረ፤ ከዚያ ጋር የፍጆታ ገደብ ፖሊሲ የሚባል ነገር መጣ። የዚህ ፖሊሲ ነባሪ ቅንብር አንድ ተጠቃሚ በማፒ በኩል በአንድ ጊዜ እንዲከፍት የሚፈቅደው 20 ግንኙነት ነው። ከ50ውም ያነሰ መሆኑን ተመልከቱ። ነገር ግን ፖሊሲው የቀድሞው መዝገብ ያልነበረው አንድ ባሕርይ ነበረው፤ አዲስ ፖሊሲ ፈጥሮ፣ ገደቡን ባዶ አድርጎ፣ ለአንድ የተጠራ መለያ ብቻ መስጠት ይቻላል። የብላክቤሪ መመሪያም እንዲሁ አለ። እንደራሴው በስሙ ታወቀ፤ ሌላው ሁሉ በ20ው ሥር ቀረ። ለእኔ በዚህ ታሪክ ውስጥ ትልቁ እርምጃ ይህ ነው፤ ጣሪያው ከፍ ማለቱ አይደለም፣ ለማን ከፍ እንዳለ መጻፍ መቻሉ ነው።

ሽግግሩ ንጹሕ አልነበረም። የዚያው ኤክስቼንጅ 2010 የመጀመሪያ እትም፣ የአድራሻ አገልግሎቱ በአንድ የቅንብር ፋይል ውስጥ ለተጠቃሚ ሁሉ የጋራ የሆነ ሌላ ጣሪያ ነበረው፤ መመሪያው ይህን ወደ 100,000 ከፍ አድርጉት ይል ነበር። አሮጌው አስተሳሰብና አዲሱ በአንድ ሰርቨር ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው ነበር፤ በአንዱ ፋይል የሁሉም ጣሪያ ይነሣል፣ በሌላው ትእዛዝ የአንዱ ብቻ።

በዚህ መሐል እንደራሴ የማያስፈልገው ሌላ መንገድ እያደገ ነበር። በ2005 በኤክስቼንጅ 2003 ሁለተኛ የማሻሻያ ጥቅል፣ ስልኩ ራሱ ከሰርቨሩ ጋር አንድ ጥያቄ ከፍቶ መልስ እስኪመጣ የሚጠብቅበት ስልት መጣ፤ አክቲቭሲንክ የተባለው ፕሮቶኮል በዚህ ላይ ቆመ። ጁላይ 2008 አይፎን ይህንኑ ፕሮቶኮል መናገር ሲጀምር ሚዛኑ አጋደለ። እያንዳንዱ ስልክ በባለቤቱ ስምና በባለቤቱ የይለፍ ቃል ይገባል። አንድ ተጠቃሚ እንደገና አንድ ሰው ሆነ፤ 50 የሚለው ፍርድም የተስማማ መሰለ።

ጣሪያው ግን ጠፍቶ አልጠፋም፤ ወደ ሌሎች በሮች ሄደ። የሚጠብቅ ስልክ ብዙ ሳይናገር ስለሚቆይ ፋየርዎሎች ሥራ የፈታ መስሏቸው ይዘጉበት ነበር፤ ማይክሮሶፍት የፋየርዎሉን ትዕግሥት እስከ 30 ደቂቃ እንዲያስረዝሙ ለአስተዳዳሪዎች መከረ። በሺህ የሚቆጠር ስልክ የይለፍ ቃሉን ሲያቀርብ ደግሞ ማረጋገጫውን ወደ ማውጫ ሰርቨሩ የሚያደርሰው መስመር ጠበበ፤ ማክስ ኮንከረንት ኤፒአይ የሚባለው ቅንብር አንድ ተራ ሰርቨር በአንድ ጊዜ 2 ማረጋገጫ ብቻ እንዲያስተላልፍ ይፈቅድ ነበር፤ በዊንዶውስ ሰርቨር 2012 ነባሪው ወደ 10 ከፍ አለ። ሠራተኛው የይለፍ ቃሉን በቢሮ ኮምፒውተሩ ሲለውጥ፣ ኪሱ ውስጥ ያለው ስልክ አሮጌውን እየደጋገመ ያቀርባል፤ ጥቂት ቆይቶ መለያው ይቆለፋል። ሰውየውን ከራሱ ቢሮ ያስቆለፈበት የራሱ ስልክ ነው። ይህን ለማስረዳት ያጠፋሁት ሰዓት ከኤንኤስፒአይ ጋር ካጠፋሁት ይበልጣል፤ ያኛው ግን እንደዚህኛው አላሳቀኝም።

ጃንዋሪ 2013 ብላክቤሪ 10 የተባለው አዲሱ ሥርዓት ሲወጣ ኩባንያው ራሱ ወደ አክቲቭሲንክ ተሻገረ። የእንደራሴው ሥራ በዚያ አበቃ፤ አሮጌዎቹ መሣሪያዎች እስኪያልቁ ድረስ ብቻ ቆየ። ጃንዋሪ 4 ቀን 2022 ደግሞ ኩባንያው ለአሮጌዎቹ ብላክቤሪ ስልኮች የሚሰጠውን አገልግሎት ዘጋ።

ከጥቂት ጊዜ በፊት አንድ የቀድሞ ተማሪዬ የተረከበውን የማውጫ ሰርቨር እንድመረምርለት ጠየቀኝ። ማሽኑ ሦስት ትውልድ ተሻሽሏል፤ ቅንብሩ ግን ከአንዱ ወደ ሌላው እየተገለበጠ መጥቷል። በሬጅስትሪው ውስጥ 4,294,967,295 ተጽፎ አገኘሁ። በመለያዎቹ ዝርዝር ውስጥ ደግሞ የይለፍ ቃሉ ጊዜ የማያልፍበት፣ የሁሉንም ሳጥን የሚያነብ አንድ መለያ ነበር። ምን እንደሚሠራ ጠየቅሁት። አላወቀም። ከእሱ በፊት የነበረው ሰው አትንካው ብሎት ነበር።